4 ድል፣ 21 ሽንፈት፦ ፔን ስቴትን ትልልቅ ጨዋታ ላይ ምን ያዘው?

ጄምስ ፍራንክሊን ከፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አሠልጣኝነቱ ኦክቶበር 12 ቀን 2025 ሲሰናበት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በስሙ የተመዘገበው 104 ድልና 45 ሽንፈት ነበር። ከአሥር ጨዋታ ሰባቱን ያሸነፈ አሠልጣኝ ማለት ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ሰው ቢያገኙ በምንም አይለቁትም። ፔን ስቴት ግን ውሉን ማፍረስ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ እንደሚያስከትልበት እያወቀ አሰናበተው። ለዚህ ያበቃው ሌላ ቁጥር ነው።

በፍራንክሊን ዘመን ፔን ስቴት በአሶሺየትድ ፕሬስ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 10ኛ የተቀመጡ ቡድኖችን 25 ጊዜ ገጥሞ ያሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ነው። ከኦሃዮ ስቴት ጋር 11 ጊዜ ተጫውቶ አንዴ፣ ከሚሺጋን ጋር 10 ጊዜ ተጫውቶ ሦስቴ አሸነፈ። ሁለቱም በቢግ ቴን ሊግ ውስጥ ያሉ ባላንጣዎቹ ናቸው። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የፉትቦል ተከታታይ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ሜሪላንድም የዚሁ ሊግ አባል ነው፣ የፔን ስቴት ሜዳም ከዋሽንግተን በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ስለዚህ ቁጥር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ አንድ ነው፤ ትልቅ ጨዋታ ላይ ይፈራሉ፣ ልባቸው ይከዳቸዋል ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሽንፈቶቹን አንድ በአንድ ላየ ሰው የሚታየው ከፍርሃት ይልቅ የጎደለ ነገር ነው። የጎደለውም ከ2016 እስከ 2018 አንድ ነገር ነበር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ። 4 ለ 21 የሚለው ቁጥር ሁለቱን ችግሮች አንድ ላይ ጠቅልሎ አንድ አስመስሏቸዋል።

ለጨዋታው አዲስ የሆነ አንባቢ ይህን ቢይዝ ይበቃዋል። ሜዳው ከመስመር እስከ መስመር 100 ያርድ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ ከገፋ አዲስ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፣ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ኤንድ ዞን ካስገባ ተችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ ያስገኛል፣ ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ምት 7 ይሆናል። ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መሃል ካሳለፈ ደግሞ ፊልድ ጎል ነው፤ 3 ነጥብ። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ የሆኑ አራት ሩቦች አሉት። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ኳስ ይዞ የሚያጠቃው 12 ጊዜ ገደማ ነው።

ይህ 12 የሚለው ቁጥር የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው። ከደካማ ቡድን ጋር ሲጫወቱ 12 ዕድል ብዙ ነው፤ ሦስቱን ቢያበላሹ እንኳ በቀሩት አምስት ተችዳውን አስቆጥሮ በሰላም ወደ ቤት መግባት ይቻላል። ከእኩያ ጋር ሲሆን ግን ተከላካዩ ስድስት ሰባቱን ያለ ምንም ነጥብ ይመልሳል። በቀሩት ውስጥ ውጤቱን የሚወስኑት ሁለት ወይም ሦስት ሙከራዎች ናቸው። እነሱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ሦስተኛ ሙከራ ሆኖ ጥቂት ያርድ ሲቀር፣ ግብ አፋፍ ላይ ሲደረስ፣ እየመሩ ሰዓት ማቃጠል ሲያስፈልግ። ፔን ስቴት ወድቆ የተገኘው እዚህ ላይ ነው።

ከኦሃዮ ስቴት ጋር የተደረጉትን አሥር ሽንፈቶች እንይ። የነጥብ ልዩነታቸው በቅደም ተከተል 7፣ 28፣ 1፣ 1፣ 11፣ 13፣ 9፣ 13፣ 8 እና 7 ነው። አማካዩ 9.8 ይሆናል። አምስቱ በ8 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ያበቁ ናቸው፤ ማለትም አንድ ተችዳውንና ሁለት ተጨማሪ ነጥብ አቻ ሊያደርጋቸው ይችል ነበር። በእውነት የተደቆሰበት የ2015ቱ 38 ለ 10 ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ፔን ስቴት ገና ከቅጣት እየወጣ ነበር፤ በ2012 የብሔራዊ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ በጣለበት እገዳ የስኮላርሺፕ ተጫዋቾቹ ቁጥር ከሌሎቹ 85 በታች እንዲሆን ተገድዶ ነበር። እገዳው በ2014 ተነሣ፣ ግን ያልተመለመለ ተጫዋች ወደ ኋላ ተመልሶ አይመለመልም። ጉድለቱ በተለይ በአጥቂ መስመር (ከፊት ቆመው ለሯጩ መንገድ በሚከፍቱት አምስት ሰዎች) ላይ ለዓመታት ቆየ፤ እዚያ የሚሰለፍ ልጅ ሰውነቱ እስኪጠና ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋልና።

አሁን ወደ 2016 እንሂድ። ኦክቶበር 22 ቀን ፔን ስቴት በደረጃው ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ኦሃዮ ስቴት 2ኛ ነበር። በአራተኛው ሩብ 21 ለ 7 እየተመራ የነበረው ቡድን 24 ለ 21 አሸነፈ። የማሸነፊያው ነጥብ የመጣው ማርከስ አለን ያገደውን የፊልድ ጎል ምት ግራንት ሄሊ አንሥቶ 60 ያርድ ሮጦ ሲያስገባው ነው። በዚያው ዓመት ለሊጉ ዋንጫ ዊስኮንሲንን 28 ለ 7 ከመመራት ተነሥቶ 38 ለ 31 ረታ። ፈሪ የሚባል ቡድን በሁለት ትልልቅ ጨዋታዎች እንዲህ ከኋላ አይነሣም።

ያ ቡድን ነጥብ ማስቆጠር አላቃተውም። የማጥቃት አስተባባሪው ጆ ሙርሄድ ተከላካዮችን ከላይ ከታች የሚበትን አጨዋወት አምጥቶ ነበር፤ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) ትሬስ ማክሶርሊ ኳሱን ወደ ሩቅ ሲለቀው የሚቀበሉት እንደ ክሪስ ጎድዊን ያሉ ሰዎች ነበሩ። በጃንዋሪ 2017 የሮዝ ቦውል ጨዋታ ጎድዊን ብቻውን 187 ያርድ ተቀብሏል። ችግሩ ሌላ ነበር፤ መሪነትን ይዞ መጨረስ። በዚያው ጨዋታ ከዩ.ኤስ.ሲ. ጋር ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ 49 ለ 35 ይመራ ነበር። በአራተኛው ሩብ 17 ነጥብ ተቆጥሮበት፣ ሰዓቱ ሲያልቅ በተመታ የ46 ያርድ ፊልድ ጎል 52 ለ 49 ተሸነፈ።

ከአሥር ወር ገደማ በኋላ በኦሃዮ ስቴት ከተማ በኮሎምበስ የሆነው የዚሁ ቅጂ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 2017 የፔን ስቴቱ ሯጭ ሴይኳን ባርክሊ የመክፈቻውን ምት 97 ያርድ መልሶ አስገባ፤ ፔን ስቴት 28 ለ 10፣ ኋላም 35 ለ 20 መራ። በዚህ ሰዓት አንድ ቡድን ማድረግ ያለበት ግልጽ ነው፦ ኳሱን በሩጫ እየገፉ ሰዓቱን ማስኬድ። ሯጭ በሜዳው ውስጥ ሲወድቅ ሰዓቱ አይቆምም፤ ያልተያዘ ቅብብል ግን ያቆመዋል። ባርክሊ ግን በዚያ ቀን 21 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 44 ያርድ ነው። ከዚህ ውስጥ 36ቱ በአንድ ሩጫ የመጣ ስለሆነ፣ የቀሩት 20 ሩጫዎች ተደምረው 8 ያርድ ናቸው። በዓመቱ የብሔራዊ ሊጉ (የፕሮፌሽናሎቹ ኤን.ኤፍ.ኤል.) 2ኛ ምርጫ የሚሆን ሯጭ 20 ጊዜ ተሞክሮ 8 ያርድ ካመጣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ከፊቱ የሚቆሙት አምስቱ የአጥቂ መስመር ሰዎች መንገድ መክፈት አልቻሉም ማለት ነው። ሰዓቱን ማቃጠል ሲያቅታቸው ኳሱ ለኦሃዮ ስቴቱ ኳርተርባክ ለጄ. ቲ. ባሬት ተመለሰ፤ እሱ በአራተኛው ሩብ የወረወራቸው 13ቱም ኳሶች ተያዙለት። አንድ የታገደ የፔን ስቴት ፐንት (ኳሱን ለተጋጣሚ በሩቁ የሚያስረክቡበት ምት) ተጨመረበት። 39 ለ 38።

የ2018ቱ ግን ከሁሉም በላይ የሚነገርለት ነው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው። ሴፕቴምበር 29 ቀን፣ በፔን ስቴት ሜዳ በቢቨር ስታዲየም፣ ከ110,000 በላይ ሰው ነጭ ለብሶ በታደመበት ምሽት፣ ስምንት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ፔን ስቴት 26 ለ 14 ይመራል። ኦሃዮ ስቴት አንድ ተችዳውን አገባ። ቀጥሎ ከራሱ 4 ያርድ መስመር ተነሥቶ 96 ያርድ ገፍቶ ሁለተኛውን አስገባና 27 ለ 26 መራ። ሁለቱም የመጡት ተጫዋቹ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ ተከላካዮቹ ሳይዙት በመሮጡ ነው። ያን ያህል ሰዓት በሙሉ ኃይል ሲሮጥ የቆየ ተከላካይ መጀመሪያ የሚያጣው እግሩን ነው፤ መያዝ ይሳነዋል። ጥልቅ ተጠባባቂ ያለው ቡድን ሦስተኛና አራተኛ ሩብ ላይ ትኩስ ሰው ያስገባል። ኦሃዮ ስቴት ነበረው፣ ፔን ስቴት አልነበረውም።

ከዚያ የመጨረሻው ሙከራ መጣ። አራተኛ ሙከራ፣ 5 ያርድ ቀርቷል፣ ኳሱ በኦሃዮ ስቴት 43 ያርድ ላይ። ማክሶርሊ በዚያ ምሽት በእግሩ 175፣ በእጁ 286 ያርድ አምጥቷል፤ ሁለቱ ተደምረው 461፣ የዩኒቨርሲቲው ክብረ ወሰን። ሁለቱም ቡድኖች እረፍት ጠይቀው ተነጋገሩ። ሲመለሱ ኳሱ ለሯጩ ለማይልስ ሳንደርስ ተሰጠ፤ ቼስ ያንግ ወደ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ 2 ያርድ ወደ ኋላ ጣለው። በቃ።

ውሳኔው ለምን ስሕተት እንደነበረ ማስረዳት ቀላል ነው። 5 ያርድ ለሩጫ ረጅም ነው፤ ጥሩ የሚባል ቡድን በአንድ ሩጫ በአማካይ የሚያገኘው ከዚያ ብዙም አይበልጥም፣ ግማሹ ሩጫ ደግሞ ከአማካዩ በታች ነው። በምሽቱ ማንም ያልያዘውን ሰው እጅ ላይ ያለውን ኳስ ለሌላ ማስረከብ ደግሞ ለተከላካዩ ስጦታ ነው። ጥልቁ ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ሙርሄድ ወደ ሚሲሲፒ ስቴት ሄዶ ነበር፤ በእሱ ቦታ ሪኪ ራህኒ ነበር። ፍራንክሊን በፔን ስቴት በቆየባቸው ዓመታት ስድስት የማጥቃት አስተባባሪዎች ተፈራርቀዋል፦ ዶኖቫን፣ ሙርሄድ፣ ራህኒ፣ ቻሮካ፣ ዩርሲች፣ ኮተልኒኪ። እንዲህ ያለ ሙከራ በዚያች ቅጽበት አይፈለሰፍም፤ ለዓመት ተመላልሶ የተሠራ፣ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀው መሆን አለበት። አለቃ በየሁለት ዓመቱ ሲቀየር መዝገበ ሙከራው ከስር ይጻፋል።

ፍራንክሊን በዚያው ምሽት ቡድኑ ጥሩ ከመባል አልፎ ታላቅ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ለመሆን ግን ገና እንደሚቀረው ተናገረ። እኔ ያንን ንግግር እንደ ሰበብ አላየውም፤ ትክክለኛ ግምገማ ነበር። ያልተሟላው ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው።

ከ2019 በኋላ ሕመሙ ተለወጠ። መከላከሉ እያማረ፣ ማጥቃቱ እየደረቀ ሄደ። ኦክቶበር 21 ቀን 2023 በኮሎምበስ መከላከሉ ኦሃዮ ስቴትን 20 ነጥብ ላይ አቆመ፤ ይህ ማሸነፍ የሚያስችል ሥራ ነው። ማጥቃቱ ግን ከ16 ሦስተኛ ሙከራዎች የተሳካለት አንዱ ብቻ ነበር። ኳርተርባኩ ድሩ አላር 42 ጊዜ ወርውሮ 191 ያርድ አገኘ፤ በአንድ ውርወራ 4.5 ያርድ መሆኑ ነው፣ ከሩጫ የማይሻል። 20 ለ 12። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚሺጋን መጣ፤ አሠልጣኙ ጂም ሃርቦ በዋዜማው ታግዶ ሜዳ ላይ አልነበረም። ሚሺጋን በጨዋታው የወረወረው 8 ጊዜ ብቻ ሲሆን በመጨረሻ 32 ጊዜ ተከታትሎ ሮጠ። 24 ለ 15 አሸነፈ። አላር 70 ያርድ ብቻ ነበር የወረወረው። በማግሥቱ ማይክ ዩርሲች ተሰናበተ።

የሚሺጋን ያ ጨዋታ ሊጠና የሚገባው ነው። ሚሺጋን ያደረገው ድፍረት ሳይሆን ስሌት ነው፤ የፔን ስቴት ማጥቃት ብዙ ነጥብ እንደማያስቆጥር ካወቅህ ውርወራ ለምን ታደርጋለህ? ውርወራ ሊጠለፍ ይችላል፣ ሰዓት ያቆማል፣ ለተጋጣሚ አጭር ሜዳ ይሰጣል። ስለዚህ ኳሱን ደብቀህ ሰዓቱን ትገፋለህ። ማጥቃቱ የሚያስፈራ ቡድን ላይ ይህ አይሠራም። ትልቅ ጨዋታ ላይ ጥሩ ተቀባይ ሪሲቨር ማጣት የሚጎዳው ራስህ ኳስ ስትይዝ ብቻ አይደለም፤ ተጋጣሚህም ያለ ስጋት የፈለገውን እንዲጫወት ፈቃድ ይሰጠዋል።

ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለማየት የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች የሪሲቨር ምልመላና ሥልጠና ማወዳደር ይበቃል። ከ2022 እስከ 2025 በአራት ዓመት ውስጥ ኦሃዮ ስቴት አምስት ሪሲቨሮችን ለብሔራዊ ሊጉ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አበቃ፦ ጋሬት ዊልሰን፣ ክሪስ ኦላቬ፣ ጃክሰን ስሚዝ ንጂግባ፣ ማርቪን ሃሪሰን ታናሹ፣ ኤሜካ ኤግቡካ። አምስቱንም ያሠለጠነው አንድ ሰው ነው፣ ብራያን ሃርትላይን። ፔን ስቴት በዚሁ ጊዜ አንድ ብቻ ነበረው፣ ጃሃን ዶትሰን፣ በ2022። የሪሲቨር አሠልጣኞቹ ደግሞ በፍራንክሊን ዘመን አምስት ናቸው፤ ከ2018 እስከ 2020 በየዓመቱ አዲስ ሰው ነበር። በሌሎች ቦታዎች ግን ፔን ስቴት ድሃ አልነበረም፤ ማይካ ፓርሰንስ፣ አብዱል ካርተር፣ ኦሉ ፋሻኑ፣ ታይለር ዋረን ሁሉም በመጀመሪያው ዙር የተመረጡ ናቸው። ገንዘብም መልማይም ያለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲህ ለዓመታት ሲጎድል፣ ይህ ዕድል ሳይሆን የአመራር ጥፋት ነው። ፍራንክሊንን የምወቅሰው በዚህ ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን 2024 የዚህ ሁሉ ማጠቃለያ ሆነ። ፔን ስቴት በሜዳው ኦሃዮ ስቴትን 10 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 20 ለ 13 እየተመራ ነው። ተችዳውኑ የመጣው ተከላካይ ኳስ ጠልፎ በመሮጡ ነው፤ ማጥቃቱ አንድም አላስቆጠረም። በአራተኛው ሩብ 3 ያርድ መስመር ላይ ደረሰ፣ አራት ሙከራ አለው። ሦስት ጊዜ ለሯጩ ለኬትሮን አለን ሰጡት፤ 1 ያርድ ድረስ ደርሶ ቆመ። በአራተኛው ወደ ካሊል ዲንኪንስ ተወረወረ፤ አልተያዘም። ታይለር ዋረን፣ በዚያ ዓመት 104 ኳስ የተቀበለውና በአገሪቱ ምርጥ ታይት ኤንድ (በመስመሩ ጫፍ ቆሞ የሚገፋም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) የተባለው ሰው፣ በአራቱም ኳስ አልነካም።

እዚያ ቦታ ላይ ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ቁጥሩን ማስላት ይቻላል። ሜዳ ላይ 11 ለ 11 ናቸው። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጭ ሰጥቶ ሲቆም አይገፋም፤ ሯጩም ኳስ ይዟልና አይገፋም። ስለዚህ 9 ገፊ በ11 ተከላካይ ላይ ነው። መሃል ሜዳ ላይ ከተከላካዮቹ ሦስት አራቱ ሩቅ ያለውን ሪሲቨር ለመጠበቅ ወደ ኋላ ስለሚሸሹ ልዩነቱ ይጠባል። ግብ አፋፍ ላይ ግን ወደ ኋላ የሚሸሽበት ሜዳ የለም፤ ኤንድ ዞን 10 ያርድ ብቻ ነው። ዳር ላይ ብቻውን የሚያሸንፍ ሪሲቨር ካለህ ሁለት ሰው ይዞልህ ይወጣል፤ ከሌለህ ሁሉም መሃል ይከመራሉ። መውጫው ኳሱን የያዘው ሰው ራሱ እንዲሮጥ ማድረግ ነው፤ ያኔ ገፊው 10 ይሆናል። ዋረን በዚያው ዓመት በኳርተርባክ ቦታ ቆሞ ኳስ የሚቀበልባቸው ሙከራዎች ነበሩ። አልተጠቀሙበትም።

ከዚያ የሆነው ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ኦሃዮ ስቴት ኳሱን የተረከበው በዚያችው 1 ያርድ ላይ፣ 5 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ሲቀር ነው። አንድም ኳስ ሳይወረውር፣ በሩጫ ብቻ፣ ሰዓቱን እስከ መጨረሻው በላው። የፔን ስቴት መስመር ወደፊት 1 ያርድ መግፋት ባልቻለበት ቦታ ላይ የኦሃዮ ስቴት መስመር ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ገፋ። ስለ ልብ የሚወራው ሁሉ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል ብዬ አምናለሁ፤ አምስት ሰዎች ከፊታቸው ያሉትን ሰዎች ማንቀሳቀስ መቻላቸው ወይም አለመቻላቸው ነው።

ያው ቡድን በዚያ ዓመት ወደ 12ቱ ምርጦች ውድድር ገብቶ ኤስ.ኤም.ዩ.ን 38 ለ 10፣ ቦይዚ ስቴትን 31 ለ 14 አሸንፎ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ 13 ጊዜ በማሸነፍም የዩኒቨርሲቲውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 በኦሬንጅ ቦውል ከኖተር ዳም ጋር 24 ለ 24 እያለ፣ ከራሱ ሜዳ ሲነሣ፣ አላር ጫና ሲበዛበት ኳሱን በሪሲቨሩ እግር ሥር ሊጥለው ሞከረ፤ ከፍ አለበትና ክርስቲያን ግሬይ ጠለፈው። 33 ሴኮንድ ቀርቶ ነበር። ሚች ጄተር በ41 ያርድ ምት 27 ለ 24 አደረገው። አገር ሁሉ ያንን ውርወራ ሲወቅስ ከረመ። በዚያ ምሽት ግን ዳር የሚቆሙት የፔን ስቴት ዋይድ ሪሲቨሮች በጠቅላላው የያዙት ኳስ ዜሮ ነው። አንድም። 60 ደቂቃ ሙሉ በሯጮችና በታይት ኤንዶች ብቻ 24 ነጥብ ማስቆጠሩ ይደንቃል እንጂ መጨረሻ ላይ መሰበሩ አይደንቅም።

ዕድልስ የለበትም ወይ? አለበት፤ መጠኑን ማስላት ይቻላል። ፔን ስቴት በእያንዳንዱ ከእነዚህ 25 ጨዋታዎች የማሸነፍ ዕድሉ 35 በመቶ ነበር ብንል፣ 4 ወይም ከዚያ በታች ብቻ የማሸነፉ ዕድል 3 በመቶ ገደማ ነው። 30 በመቶ ብንለው 9 በመቶ ይሆናል። 25 በመቶ ብንለው 21 በመቶ። ስለዚህ ቡድኑ ከምርጦቹ ጋር ተቀራራቢ ነበር ካልን መጥፎ ዕድል ብቻውን አያስረዳም። ከአራት ጨዋታ አንዱን ብቻ ለማሸነፍ የሚበቃ ቡድን ነበር ካልን ግን 4 ለ 21 እንግዳ ነገር አይደለም። እውነቱ ወደ ሁለተኛው ያደላል ብዬ አስባለሁ። በአገሪቱ 8ኛ የሆነ ቡድን ከ90ኛው ጋር ሲጫወት ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ከ2ኛው ጋር ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል። የፔን ስቴት መዝገብ የ8ኛ ቡድን መዝገብ ነው።

ቁጥሩ የማይቆጥራቸውም አሉ። በ2021 በሜዳው በኢሊኖይ በዘጠኝ ተጨማሪ ዙር 20 ለ 18 የተሸነፈው እዚህ ውስጥ የለም፤ ኢሊኖይ ደረጃ አልነበረውምና። ከደረጃ ቁጥር ይልቅ እኔ የምመክረው ሌላ ሚዛን ነው፦ አራተኛው ሩብ ሲጀመር ውጤቱ ስንት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ቡድኑ በሦስተኛ ሙከራ ምን አደረገ፣ ዳር ያሉት ሪሲቨሮች ስንት ኳስ ያዙ። ሦስቱን ከጨዋታው ማኅደር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማውጣት ይቻላል። ስለ አንድ ቡድን የትልቅ ጨዋታ አቅም ከድልና ሽንፈቱ ይልቅ እነሱ ይናገራሉ።

መዝገብ ይለወጣል። ሃርቦ በሚሺጋን እስከ 2019 ድረስ ኦሃዮ ስቴትን አምስት ጊዜ ገጥሞ አምስቱንም ተሸነፈ። በ2020 ሚሺጋን 2 ለ 4 ከጨረሰ በኋላ ደመወዙ ተቀነሰ፤ እሱም የመከላከል አስተባባሪውን ቀይሮ ከባልቲሞር ሬቨንስ ማይክ ማክዶናልድን አመጣ፣ ቡድኑንም በአጥቂ መስመር ጉልበት ዙሪያ አዋቀረው። በ2021 ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 27 ሲያሸንፍ 297 ያርድ የሮጠ ሲሆን ሃሰን ሃስኪንስ ብቻውን አምስት ተችዳውን አስገባ። በ2023 ደግሞ 15 ለ 0 ሆኖ ዋንጫ በላ። የኦሃዮ ስቴቱ አሠልጣኝ ራያን ዴይ ደግሞ በሚሺጋን አራት ጊዜ ተከታትሎ ተሸንፎ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2024 በሜዳው 13 ለ 10 ተረትቶ ይባረር ሲባል፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ ቴነሲን፣ ኦሬገንን፣ ቴክሳስን፣ ኖተር ዳምን ተራ በተራ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም የጎደላቸውን ለይተው ሞልተዋል፣ ወይም ሞልቶ የተረፈ ተጫዋች ነበራቸው።

ልብ የሚባለው ነገር ፔን ስቴት ላይ በእርግጥ የታየው በ2025 ይመስለኛል። ሴፕቴምበር 27 ቀን በሜዳው በኦሬገን በሁለተኛው ተጨማሪ ዙር 30 ለ 24 ተሸነፈ፤ የአላር የመጨረሻ ኳስ እንደገና ተጠለፈ። ያ የታወቀው ዓይነት ሽንፈት ነው። በሳምንቱ ግን እስከዚያ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. 42 ለ 37 ረታው፤ ቀጥሎ ኖርዝዌስተርን በፔን ስቴት ሜዳ 22 ለ 21። እነዚህ የማይሸነፍባቸው ጨዋታዎች ነበሩ። በዓመታት የተጠራቀመ ክስ ተጫዋቾቹ ትከሻ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል በዚያች ሁለት ሳምንት ታየ። ኖርዝዌስተርን ባሸነፈ ማግሥት ፍራንክሊን ተሰናበተ፤ በኋላም ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ሄደ።

ኖቬምበር 8 ቀን 2025፣ በጊዜያዊው አሠልጣኝ በቴሪ ስሚዝ ሥር፣ ፔን ስቴት 2ኛ ደረጃ ያለውን ያልተሸነፈ ኢንዲያና በሜዳው 24 ለ 20 እየመራ 1 ደቂቃ ከ51 ሴኮንድ ቀረ። ኢንዲያና እረፍት የመጠየቅ መብቱን ጨርሶ ነበር። ፈርናንዶ ሜንዶዛ 80 ያርድ አስገፍቶ፣ 36 ሴኮንድ ሲቀር፣ ለኦማር ኩፐር የወረወረው ኳስ በኤንድ ዞን ጫፍ ተያዘ። 27 ለ 24። አሠልጣኙ ሌላ፣ ኳርተርባኩ ሌላ፣ ሽንፈቱ ያው። ፍራንክሊን ብቻውን የችግሩ ባለቤት ቢሆን ኖሮ ያ ኳስ አይያዝም ነበር።

አሁን ቡድኑን የተረከበው ከአይዋ ስቴት የመጣው ማት ካምቤል ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ጨዋታው ሲደርስ ውጤቱን ከማየቴ በፊት የማየው ሦስተኛ ሙከራ ሆኖ 2 ያርድ ሲቀር አምስቱ የመስመር ሰዎች ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ፣ ዳር የቆመውን ሪሲቨር አንድ ተከላካይ ይጠብቀው ወይስ ሁለት፣ እየመራ ከሆነም አራተኛው ሩብ ላይ ሰዓቱ መሄዱን ወይም መቆሙን ነው።